አዳራሹ ተቆልፎ አዳማ ድረስ

ያበግነኛል! መሥሪያ ቤታችን 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አለው፤ ወንበሩ አቧራ ለብሶ በሩ ተቆልፎ ይውላል። የሁለት ቀን የዕቅድ ግምገማ ሲመጣ ግን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን አዳማ። ነዳጅ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ አልጋ፣ የውሎ አበል። በሆቴሉ ዋጋ ላይ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመራል።

ባለፈው ለ80 ሰው ምሳ ታዝዞ 50 እንኳን አልሞላንም። ያልተነካው ጥብስ ከነትኩሳቱ ወደ ማዕድ ቤት ሲመለስ ቆሜ አየሁ፤ አንጀቴ አረረ። የተከፈለው ግን ለ80 ነው። ማን እንደሚመጣ ከሦስት ቀን በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ይህን ያህል ይከብዳል? በዚያው ሳምንት እኮ ለፕሪንተር ቀለም በጀት የለም ተብለን ነበር!