«ቀዝቀዝ ሲል» ስንት ዲግሪ ነው?

ለቤቴ ኬክ የምጋግር ሰው ነኝ እንጂ ባለሙያ ነኝ ብዬ አላውቅም። ኬኩ ራሱ ብዙም አያስቸግረኝም፤ ያስቸገረኝ በላዩ የሚቀባው ክሬም ነው፤ ከክሬሙም ይልቅ ያንገበገበኝ ስለ አሠራሩ የሚጻፈው ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ስለደፋሁ ዛሬ ሳልናገር አላድርም፤ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው ቅቤና የዱቄት ስኳር ተመትቶ የሚሠራው የተለመደው ክሬም ስላንገሸገሸን ነው። በዚያ ክሬም ውስጥ ለአንድ እጅ ቅቤ ሁለት እጅ ስኳር ስለሚገባ፣ በ225 ግራም የገበታ ቅቤ ላይ 450 ግራም ስኳር እየጨመርኩ «ለልጆቼ ኬክ ሠራሁላቸው» እል ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ክሬሙን በሹካ እየገፉ በሳህኑ ዳር ከምረው ኬኩን ብቻ መብላት ሲጀምሩ ሌላ መላ መፈለግ ግድ ሆነብኝ። ስፈልግ ያገኘሁት ኧርሚን የሚባለውን ክሬም ነው፤ ዱቄትና ወተት ከስኳር ጋር ይበስልና ከቀዘቀዘ በኋላ ከቅቤ ጋር ይመታል። ለዚያው 225 ግራም ቅቤ የሚገባው ስኳር 200 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውጪ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ማለትም 40 ግራም ያህል የስንዴ ዱቄት፣ ቫኒላና ቁንጥር ጨው ይበቃዋል። ቀይ ቬልቬት የሚባለው ኬክ፣ የአይብ ክሬም ከመለመዱ በፊት፣ ይቀባ የነበረው በዚህ ነው። ቅልል ያለ፣ አፍ ውስጥ እንደ አረፋ የሚሟሟ፣ ጣፋጭነቱ የማይሰለች ክሬም ነው ተባልኩ፤ እውነትም ነው፤ ችግሩ እዚያ እስኪደረስ ነው።

ያነበብኩት አሠራር በአናቱ ላይ «በ15 ደቂቃ የሚደርስ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «እስኪወፍር አብስሉት፤ ቀዝቀዝ ሲል ከቅቤው ጋር ምቱት» ብሎ ያልፋል። እስቲ ፍረዱኝ! እስኪወፍር ሲባል ምን ያህል? ቀዝቀዝ ሲል ማለትስ ስንት ዲግሪ ነው? የዚህ ክሬም ምሥጢር ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ጸሐፊው ስለ ቫኒላው ጥራት አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፎ ስለ ሙቀቱ አንዲት ቁጥር ነፈገኝ።

በመጀመሪያው ቀን ድስቱን አውርጄ ጥቂት ከቆየሁ በኋላ ጣቴን ነከር ባደርግበት አላቃጠለኝም፤ ስለዚህ ቀዝቅዟል አልኩ። የጣት ምስክርነት ግን እዚህ ላይ አይረባም። የሰው ገላ 37 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቀልጦ ያልቃል፤ ስለዚህ ጣት «ለብ ብሏል» የሚለው ነገር ለቅቤ እሳት ነው። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ወፍራም ነገር ላዩ ቀዝቅዞ እንኳ ውስጡ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቅቤ ሲመታ የሚነፋው፣ ያልቀለጠው ስብ የአየር አረፋዎችን አቅፎ ስለሚይዝ ነው፤ ስቡ ከቀለጠ አረፋውን የሚይዘው የለም። እኔም አምስት ደቂቃ መትቼ ባነጣሁት ቅቤ ላይ ያንን ለብ ያለ ነገር በአንድ ጊዜ ገለበጥኩበትና ዓይኔ እያየ ቢጫ ፈሳሽ ሆነ። ትንሹ ልጄ ወደ ሳህኑ አንገቱን አስግጎ «እማዬ፣ ይሄ ሾርባ ነው?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ሳህኑን ለ15 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ መልሼ ብመታው ሊድን ይችል እንደነበር ያወቅሁት ከደፋሁት በኋላ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ጥፋቱ የእኔም ነበረበት፤ ሁሉንም በጸሐፊው ላይ አላላክክም። ዱቄቱን በትኩስ ወተት ላይ ጨመርኩትና ጓጎለ። ትኩሱ ወተት የነካው የዱቄቱ ውጪ ወዲያው አብጦ እንደ ቅርፊት ሲዘጋ፣ ውስጡ እንደ ደረቀ ይቀራልና። ዱቄቱን አስቀድሞ ከስኳሩ ጋር በደረቁ አዋሕዶ፣ ከዚያ ቀዝቃዛውን ወተት በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ ማማሰል ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ስኳሩ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ እርስ በርሳቸው እንዳይጣበቁ ይከለክላቸዋል። የጓጎለውን በማጥለያ አጥልዬ ብቀጥልም፣ መወፈር እንደጀመረ ስላወረድኩት ክሬሙ ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት አለ። «እስኪወፍር» ተብሎ የለ? ወፈረ፣ አወረድኩ! ለካ መውረድ ያለበት የሽቦ መምቻው በድስቱ ወለል ላይ ያሰመረው መስመር ቶሎ ሳይከደን መቆየት ሲችል ነው፤ ፍል ፍል ማለት ከጀመረም በኋላ እጅ ሳያርፍ አንድ ሁለት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ከሆነ ጥሬነቱ አይለቀውም፣ ክሬሙም ላልቶ ከኬኩ ጎን ወደ ታች ይወርዳል።

ሦስተኛውን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ያቃጥለኛል። ከመጀመሪያው ስሕተቴ ተምሬ፣ ዱቄቱን ማታ አብስዬ፣ ስልባቦት እንዳይዝ ስስ ፕላስቲክ ከላዩ ጋር አስነክቼ ሸፍኜ፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ያንን በረዶ የሆነ ነገር አውጥቼ በተመታው ቅቤ ላይ በማንኪያ በማንኪያ መጨመር ጀመርኩ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ቅቤው ተኮማትሮ ፍርፍር አለ፤ በሳህኑ ዙሪያ ውኃ መሰል ነገር ቋጠረ፤ ከመምቻው ሽቦ ላይ የተንጠለጠለው ነገር ክሬም መሆኑ ቀርቶ የተበጣጠሰ አይብ መሰለ። ሚክሰሩን አጥፍቼ አሠራሩን ደግሜ አነበብኩ። ስለዚህ መልክ አንድም ቃል የለም። ፎቶዎቹን አየሁ፤ በአንዱ ላይ ቅቤው አለ፣ በቀጣዩ ላይ እንደ ሐር የለሰለሰ ነጭ ክሬም አለ፤ በመካከል የሆነውን ፎቶ ያነሣ የለም። በቃ አበላሸሁት ብዬ ቅቤውን ከነወተቱ ከነስኳሩ ደፋሁት።

የተበላሸ ነገር አልነበረም እኮ! ያ ፍርፍር መልክ የቅቤውና የበሰለው ዱቄት ሙቀት ሲራራቅ የሚታይ፣ መንገድ ላይ ያለ ክሬም መልክ ነው። የሚያስፈልገው የነበረው የሳህኑን ሥር ለጥቂት ሴኮንድ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማውጣትና መምታቱን መቀጠል ብቻ ነበር። ጥቂት ዐረፍ ብዬ፣ ሁለቱ የቤቱን ሙቀት ከያዙ በኋላ ብመታውም ይገጥም ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ «መሃል ላይ የተበጣጠሰ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፣ መምታታችሁን ቀጥሉ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ትበቃኝ ነበር። በልጅነታቸው ማዕድ ቤት ይሸት ስለነበረው ሽታ ስድስት አንቀጽ የሚጽፉ ሰዎች ይህቺን አንዲት መስመር ምን ከለከላቸው? ወይስ የእነርሱ ክሬም አንድም ቀን ተበጣጥሶ አያውቅም?

በአራተኛው ጊዜ ቴርሞሜትር ይዤ ገባሁ። ለኬክ ክሬም ቴርሞሜትር መያዜን ያየ ባለቤቴ ሳቀብኝ፤ ይሣቅ፤ የደፋሁትን ያጠበው እርሱ አይደለም። የበሰለውን ዱቄት በድስቱ ውስጥ ከመተው ይልቅ በዝርግ ሳህን ላይ ዘርግቼ፣ ፕላስቲኩን አስነክቼ፣ 21 ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቅሁት፤ ቅቤው 19 ዲግሪ ላይ ነበር። ቅቤውን ብቻውን አምስት ደቂቃ መትቼ መልኩ ከቢጫ ወደ ነጭ ሲያደላ፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጨምሬ እስኪጠፋ መታሁት፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። መሃል ላይ ያው የማውቀው መበጣጠስ ሲጀምር ልጄ «ይሄም ሊደፋ ነው?» አለ። አልመለስኩለትም፤ ሚክሰሩንም አላጠፋሁም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መጀመሪያ የተለወጠው ድምፁ ነው፤ ቸፍ ቸፍ ይል የነበረው ነገር ድምፁ ወፍሮ ወፍሮ ዝም አለ። ከዚያ መምቻው ያለፈበት ቦይ ሳይደፈን መታየት ጀመረ፣ ውኃውም ገባበት፣ ነጭ ሆኖ ገጠመ። በጣቴ ጫፍ ቀመስኩት፤ ስኳሩ በትኩሱ ወተት ውስጥ አስቀድሞ ሟሙቶ ስለነበር ጥርስ ላይ የሚንኳኳ ቅንጣት የለበትም፤ ዱቄት የገባበት መሆኑንም ያልነገሩት ሰው አያውቅም።

አሁንም ግን ያላለቀ ቅሬታ አለኝ። «የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ» ይሉና ከፍሪጅ ሲወጣ እንደ ድንጋይ እንደሚጠጥር፣ ወደ ቤቱ ሙቀት ተመልሶ ዳግመኛ ካልተመታ እንደማይቀባ አይናገሩም። ይህ ክሬም በስኳር ብዛት ከሚቆመው ከዚያኛው ይልቅ ሙቀት ቶሎ እንደሚያላላውም አይናገሩም፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ኬክ ጫፉ ሲዘም ያየሁት እንግዳ ፊት ነው።

«በ15 ደቂቃ የሚደርስ» ላላችሁት ደግሞ፣ ባለፈው ቅዳሜ ሰዓት ይዤ ቆጥሬዋለሁ። ወተቱን ድስት ውስጥ ከጨመርኩበት ጀምሮ ክሬሙ ኬኩ ላይ እስኪወጣ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ከዚህ ውስጥ እጄ የሠራበት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀረው ጊዜ ሁሉ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ያ ዝርግ ሳህን እስኪበርድ የጠበቅሁበት ነው፤ እናንተ ግን «ቀዝቀዝ ሲል» ብላችሁ ያለፋችሁት ነው።