ለመርዶ ነጋሪዎቻችን ክብር ይድረሳቸው

ሊበራል ዴሞክራሲ፣ ማለትም ሕዝብ መሪውን የሚመርጥበትና የመሪው ሥልጣን በሕግና በመብት የሚገደብበት ሥርዓት፣ ሰሞኑንም ሞተ ተባለ። በዚህ ሳምንት ያረፈው እኔ ባዳመጥኩት አንድ የኦንላይን ውይይት ላይ ነው። መቼም እናንተም በሌላ ቦታ መርዶውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ላማርር ሳይሆን «ዴሞክራሲ አበቃለት» እያሉ የሚያረዱንን ላመሰግን ነው።

ድፍረታቸው ይገርመኛል። አሜሪካዊው የፖለቲካ ምሁር ፍራንሲስ ፉኩያማ እ.ኤ.አ. በ1989 «የታሪክ ፍጻሜ» ብሎ የዴሞክራሲን አሸናፊነት ሲጽፍ፣ ርዕሱ ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ነበር። ፈሪ! የእኛዎቹ አራት ነጥብ አድርገው ነው የሚሄዱት።

ከሁሉ የወደድኩት ግን አንዱን ተናጋሪ ነው። «ሕዝብ ምን ያውቃል?» ብሎ ጀመረ። ፓርላማ ወሬ ነው፣ ፍርድ ቤት እንቅፋት ነው፣ የሚያስፈልገን አንድ ቆራጥ ሰው ብቻ ነው አለ። አወያይዋ ሰዓትዎ አልቋል አለችው። አልሰማም። ደገመችለት። ቀጠለ። በመጨረሻ ቆረጥ አድርጋ ማይኩን ዘጋችበት። የለመነው ቆራጥ ሰው መጣለት ማለት ነው። ታዲያ ደስ አለው? ኧረ የት! በጽሑፍ ተመልሶ «ይህ አፈና ነው» አለ። ቀጥሎ የመናገር መብቴ ተጣሰ አለ። ደንቡ ይነበብልኝ አለ፣ ተነበበለት። ደንቡን ማን አወጣው፣ እሷንስ ማን መረጣት፣ ገለልተኛ አጣሪ ይሰየም፣ ቅሬታዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝ... መጨረሻ ላይ ታዳሚው ድምፅ ይስጥበት ብሎ አረፈው። ሕዝብ ምን ያውቃል ያለው ሰውዬ እኮ ነው! ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸነፈ። ተጭበርብሯል ብሎ ወጣ።

የዴሞክራሲ ሕመም የለም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2014 የሃንጋሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ኦርባን «ሊበራል ያልሆነ መንግሥት» እንደሚገነባ በአደባባይ ተናግሯል፤ እሱን ሲጠቅሱ ልክ ናቸው። ግን በ2023 የፖላንድ መራጮች 74 በመቶ ያህል ሆነው ወጥተው ስምንት ዓመት የገዛውን ፓርቲ አብላጫ ወንበር ሲያሳጡት፣ «እሱ የተለየ ነው» ተባልን። የሞተው ሁሉ ማስረጃ፣ የተረፈው ሁሉ የተለየ።

እዚህ ጋ ሽሙጡ ይቅርብኝ። በዲሴምበር 2024 የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት በሌሊት ወታደራዊ አዋጅ ሲያውጅ፣ የምክር ቤት አባላት አጥር ዘለው ገቡ። 190 ሆነው፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ አዋጁ ይነሳ አሉ። ተራው ሰው ውጭ ወታደር ፊት ቆሞ ነበር። ያን ያየ ሰው ሶፋ ላይ ተደላድሎ «አበቃለት» ሲል ደሜ ይፈላል። ጠንካራ እጅ የሚመኝ ሁሉ ራሱን የሚያየው ከእጁ ጎን ነው። የሚታሰረው ምንጊዜም ሌላ ሰው ነው፣ አይደል?

ለማንኛውም ምስጋናዬ እንዳለ ነው። የሚቀጥለው ውይይት ማስታወቂያም ወጥቷል፤ ርዕሱ «ከዴሞክራሲ በኋላ» ነው። ከስር በደማቁ ተጽፏል፦ ማንኛውም ታዳሚ ያሻውን የመጠየቅና ተናጋሪዎቹን የመተቸት ሙሉ መብት አለው።