ማስተካከያ፦ የማታ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይቀመጣል

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ብዙዎች የተቀባበሉት ጽሑፍ «የማታ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አይቀመጥም፤ የማታ ትምህርት ምዝገባውም ትምህርት ላቋረጡ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

የማታ ተማሪ ይፈተናል። ትምህርት ሚኒስቴር የፈተናውን ውጤት ሲገልጽ የማታና የግል ተፈታኞችንም ከመደበኛዎቹ ጋር ይጠቅሳል። መሰጠቱ የቀረው የ10ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነበር። ወሬው የተጣመመው እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

የማታ ክፍል ተማሪም አንድ ዓይነት አይደለም። ፒያሳ ባጃጅ ሲነዳ ውሎ ቁልፉን ደብተሩ ላይ አስቀምጦ የሚማር አለ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ አለች። ልጇን ለእህቷ ትታ የምትመጣ እናትም አለች። አቋርጠው የተመለሱ አሉ፤ 8ኛን ጨርሰው ቀጥታ 9ኛ የገቡም አሉ። ሁሉንም «አቋራጭ» ማለት ደግሞ ትንሽ ያስከፋል።

ያንን የተሳሳተ ጽሑፍ አንብባችሁ ከመመዝገብ የቀራችሁ ካላችሁ፣ የ8ኛ ክፍል ውጤታችሁንና ትራንስክሪፕት ካላችሁም እሱን ይዛችሁ የማታ ትምህርት ወደሚሰጥ ትምህርት ቤት ሂዱ። የምዝገባው ቀን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እዩ።