«ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» እያላችሁ ኮመንት ለምትጽፉ

አንዲት ልጅ ቢሮዋ ውስጥ አለቃዋ ያደረሰባትን የወሲብ ትንኮሳ በጻፈች ቁጥር ከስር የሚመጣው ኮመንት ያው ነው። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» «እስካሁን የት ነበርሽ?» «ፎሎወር ፈልጋ ነው»። በቃ ዛሬ እኔ ልመልስላችሁ፣ ቢረዝምም ታገሱኝ፣ ሆድ ይፍጀው ስል ከርሜ ሆዴ ሞልቷል።

የምሰራው ትልቅ ባንክ ውስጥ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው፣ እናንተም በናታችሁ ኮመንት ላይ አትገምቱ። ከውጪ ስታዩት ሱፍ፣ ባጅ፣ ሊፍት ምናምን ነው፣ ዘመድ ሁሉ «ባንክ ገባችልን» ብሎ የመረቀበት ስራ። ግን የባንክ ሰራተኛን አስሮ የሚያስቀምጠው ምን መሰላችሁ? ደሞዙ አይደለም፣ ብድሩ ነው። የሰራተኛ የቤት ብድር፣ የመኪና ብድር፣ ወለዱ ከሌላው ደንበኛ በጣም ያነሰ፣ ሁላችንም ተሻምተን የፈረምንበት። ስራ ስትለቂ ግን ያ ቅናሽ አብሮሽ አይወጣም፣ ወለዱ እንደማንኛውም ደንበኛ ይሆንና ወርሃዊ ክፍያው የት እንደሚደርስ ማሰብ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ በዚህ ብድር ቤት የገዛች የልጆች እናት ማናጀሯ ፋይል አቀብላለሁ ብሎ ወገቧን ሲይዛት ምን የምታስብ ይመስላችኋል? እሪ ትላለች? ሂሳብ ነው የምትሰራው። የወሩን ክፍያ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ባሏ ቢሰማ የሚፈጠረውን። ደምራ ቀንሳ ፈገግ ትላለች። እናንተ ያን ፈገግታ አይታችሁ «ተመችቷታል» ትላላችሁ።

አዲስ ገቢዋ ደግሞ ብድርም የላትም፣ ሙከራ ላይ ናት። 60 የስራ ቀን ድረስ የሚሄድ ሙከራ፣ እዛ መሃል «ለስራው ብቁ አይደለችም» ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ደህና ሁኚ ነው፣ ህጉ ይፈቅዳል። ብቁ ናት አይደለችም ብሎ የሚፈርመው ማነው? ማታ 5 ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ተኛሽ?» ብሎ የሚልክላት ሰውዬ ራሱ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የላከውን ከራሱም ከሷም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ ጠዋት ስትነሳ ምንም የለም፣ እሱም ክራቫቱን አስሮ «እንዴት አደርሽ እናትዬ» እያለ ይገባል። እህቶቼ፣ እንዳያችሁት ስክሪንሾት አድርጉና ለምታምኑት ሰው ላኩ፣ ነገ አደርገዋለሁ አትበሉ።

ቅርንጫፍ የሰራ ሰው ደግሞ የዲፖዚት ታርጌትን ያውቃል፣ ደንበኛ እንዲያስቀምጥ አድርጋችሁ አምጡ የምንባለውን የብር መጠን ማለቴ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ግንቦት ላይ ሁሉም ያብዳል፣ ቦነሱም እድገቱም እዛ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ታዲያ ሚሊዮኖች ያሉት ደንበኛ መስኮት ላይ መጥቶ እጅሽን ይዞ አልለቅም ሲል ማናጀሩ ከጀርባ «ፈታ በይ እንጂ፣ ፊትሽን አትቋጥሪ» ይልሻል። እኔን «ስልክሽን ስጪው፣ ምሳ ቢጋብዝሽ ምን አለበት፣ ለባንኩ ነው» ብሎኛል። ለባንኩ! ይሄ የስራ መዘርዝሬ ላይ የቱ ቁጥር እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም።

እሺ ተናገረች እንበል። ወደ ኤችአር፣ ማለትም ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሄደች፣ «በጽሁፍ አቅርቢ» ተባለች። ጻፈች። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ አነበበችው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፎቁ ሁሉ ሰማ። ከዛ ዳይሬክተሩ ደብዳቤው ጥግ ላይ በእስኪብርቶ ይመራበታል፣ ምን ብሎ? «ለሚመለከተው የስራ ክፍል፣ አስተያየት እንዲሰጥበት»። የሚመለከተው የስራ ክፍል ኃላፊ ማነው? እሱ ነዋ! የተከሰሰው ሰውዬ! አቤቱታዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ በሷ የእጅ ጽሁፍ ስለራሱ ያነባል። ይሄን በአይኔ ነው ያየሁት፣ ማንም አልነገረኝም። ደግሞ ኮሪደሩ ላይ የሀሳብ መስጫ ሳጥን አለን፣ ከካሜራው ስር፣ ቁልፉ የሱ ጸሐፊ ጋ።

ከዛ «ማስረጃ አለሽ? ምስክር አለሽ?» ይመጣል። አንድ ልጅ ነበር፣ ወንድ ነው፣ አይቻለሁ እመሰክራለሁ ያለ። የስድስት ወር ምዘናው ላይ «የቡድን ስሜት ይጎድለዋል» ተብሎ ነጥቡ ወረደ፣ የዛን ጊዜ እድገት አለፈው። ከሱ በኋላ ማን ያያል? ሁሉም አንገቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀበረ፣ እኔንም ጨምሮ። አቤቱታውን የጻፈችው ልጅ «ለራስሽ ደህንነት ሲባል» ተብላ ከከተማ ዳር ያለ ቅርንጫፍ ተዛወረች፣ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ። የተከሰሰው ሰውዬ እዛው ነው፣ እንደውም የካቲት 29 ለሴቶች ቀን ኬክ የቆረሰልን እሱ ነው፣ ስለ ሴት ልጅ ክብር ንግግር አድርጎ አበባ አደለን። እኔም ተቀብያለሁ።

ህግ አለ ትሉኝ ይሆናል። አዎ አለ። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሲብ ትንኮሳን በስም ጠርቶ ከልክሏል። አሰሪው ወይም የስራ መሪው ካደረገው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ስራ መልቀቅ ትችያለሽ፣ የስንብት ክፍያም ካሳም አለሽ። ጥሩ ነው፣ አልጠላሁም። ግን አያችሁት? መፍትሄው እሷ መልቀቋ ነው! ብድር ያለባትን ልጅ፣ የስራ ልምድ ወረቀቷንና የመልቀቂያ ወረቀቷን (ክሊራንሷን) የሚፈርሙት የሱ ጓደኞች የሆኑባትን ልጅ «መብትሽ ነው ልቀቂ» ማለት ምን ማለት ነው? ያውም በ15 የስራ ቀን ውስጥ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ ጀምሮ፣ ከዛ ካለፈ በዚህ መንገድ የመልቀቅ መብቷ ቀረ። ሰው እንዲህ አይነት ነገር ደርሶበት ለእናቱ እንኳን ለመናገር ከዛ በላይ ይፈጅበታል፣ እንኳን ጠበቃ ለመፈለግ።

እና «ፈሪ ናችሁ» አትበሉን። ፍርሃቱን እኛ ይዘነው አልመጣንም፣ ስንቀጠር ከባጁ ጋር ነው የተሰጠን፣ ብድሩ ውስጥ አለ፣ ምዘናው ውስጥ አለ፣ ዝውውሩ ውስጥ አለ።

ኤችአር የምትሰሩ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ሁሌ ታዩና ላይክ እንኳን ሳታደርጉ ታልፋላችሁ። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፦ አቤቱታው በምን ሂሳብ ነው ተመልሶ እሱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው? ኮመንት ከፈራችሁ ኢንቦክስ ግቡ። «ፕሮሲጀር ነው» እንዳትሉኝ ብቻ።