አዳማ ላይ ማን ያምናል?

ቶሮንቶ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድና መሰል የምናብ ሥራዎች የተሰበሰቡበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል አለ። ጁዲት ሜሪል የምትባል ደራሲ በ1970 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) 5,000 ያህል መጻሕፍትና መጽሔቶቿን ለከተማው ሰጠች። ዛሬ ስብስቡ ከ80,000 በላይ ሆኗል። ማንም ገብቶ በነፃ ያነባል። እኔን የገረመኝ ግን ብዛቱ ሳይሆን አንባቢው ነው። ሽበታም አዛውንት ስለ ሌላ ፕላኔት የተጻፈ ልብ ወለድ ዘርግተው፣ እርሳስ ይዘው፣ ማስታወሻ እየጻፉ ያነባሉ። የልጅ ነገር ነው ብሎ የሚስቅባቸው የለም።

እዚህ ቶሮንቶም ቢሆን ሁሉም ያከብረዋል ማለቴ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲንቁት ኖረዋል፤ መጽሐፍ መደብር ውስጥም ከ«ቁም ነገረኛው» ልብ ወለድ ተለይቶ ጥግ ይሰጠዋል። የዚሁ ከተማ ነዋሪ የሆነችው ደራሲ ማርጋሬት አትዉድ ሥራዋ «የሳይንስ ልብ ወለድ» ከሚባል በሌላ ስም ቢጠራላት ትመርጣለች። ግን ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የአርተር ሲ. ክላርክ ሽልማት በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደችው እሷ ናት። በ2007 ኖቤል የተሸለመችው ዶሪስ ሌሲንግም ስለ ሕዋ 5 ተከታታይ ልብ ወለዶች ጽፋለች። እንግዲህ የእነሱ ክርክር የትኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ የሚል ነው። እኛ ጋ ግን የሚደረደረው ራሱ ጥቂት ነው።

አገር ቤት ስገባ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ መጽሐፍ አዟሪዎችን መጠየቅ ልማዴ ነው። የንጉሡ ዘመን አለ፣ የደርግ እስር ቤት ትዝታ አለ፣ የፍቅር ታሪክ አለ፣ የሥነ ልቦና ትርጉም ደግሞ ሞልቷል። ስለ ነገ የሚተርክ ልብ ወለድ አለህ ወይ ያልኩት አንዱ ልጅ «ትንቢት ነው የምትፈልጊው እህቴ?» አለኝ።

ሰዉ አይወድም እንዳልል፣ ሰዉማ ይወዳል። ትርጉም ፊልም የሚያይ የባጃጅ ሹፌር ስለ ሮቦትና ስለ ጊዜ ጉዞ ከእኔ በላይ ያወራል። ችግሩ የምትጠፋውም የምትድነውም ከተማ ሁሌ የሌላ ሰው ከተማ መሆኗ ነው።

የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ታሪክ ትጽፋለች። ጎበዝ ናት። ማሽኖች የሰው ትእዛዝ አንቀበልም ስላሉባት ከተማ የጻፈችውን አነበበችልኝ። ከተማዋ ኒው ዮርክ ናት፤ ልጅቷ እግሯም ረግጦት አያውቅ። ለምን አዳማ አላደረግሽውም ስላት «አክስቴ፣ አዳማ ላይ ማን ያምናል?» አለችኝ።

ይሄ መልስ አሁንም ያንገበግበኛል። ከአዳማ ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው እኮ ኮረብታው ላይ 136 የንፋስ ተርባይኖች ተተክለው ያያል፤ በ2012 የመጀመሪያው ጣቢያ በ51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 ደግሞ ሁለተኛው በ153 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመሩ፤ ከሥራቸው በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ፣ የኤሌክትሪክ ባቡሩም ወደ ጅቡቲ ያልፋል። ይሄን ኒው ዮርክ ከየት ታመጣዋለች? ያ ገበሬ ስለ ማሽኑ ምን ያስባል? ንፋሱስ የማን ነው?

የንፋስ ነገር ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ሄኖክ ሰማይን እየተዘዋወረ የነፋሳትን መዛግብትና በሮቻቸውን ያያል። ልብ ወለድ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለምእመኑ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ግን ይሄን ለዘመናት ሲገለብጥና ሲያነብ የኖረ ሕዝብ ምናብ አነሰው ቢሉኝ አልቀበልም።

ታዲያ ለምን አንጽፍም? ያለፈውን ገና ተከራክረን ስላልጨረስን ይመስለኛል፤ ደራሲውም ወደዚያው ይሳባል፣ አልፈርድበትም። ወረቀትና ማተሚያ ውድ ነው። በራሱ ኪስ የሚያሳትም ሰው ያልተለመደ ነገር ይዞ መውጣት ይፈራል። እስከዚያው ግን ነገን ሌላ ሰው ይሠራልናል። በ2015 የወጣው «ክራምስ» እኛው አገር የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚነገር የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ዳንኤል ታደሰ በጣም ጥሩ ተውኖበታል። ዳይሬክተሩ ግን ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ሰውየውን አመሰግነዋለሁ፣ ቁጭቴንም አልደብቅም።

ለእህቴ ልጅ አዋሽን ጻፊ ብያታለሁ። ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ ሐይቅ ውስጥ የሚያበቃ ወንዝ፣ ቆቃ ላይ ከ1960 ጀምሮ የተገደበ። ከ100 ዓመት በኋላ ውሃው ቢጎድል አዳማ ከማን ጋር ትጣላለች? ቆቃን ማን ይጠብቃል? ከተማዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ስለ ውሃና ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስረዳት ተማሪ አታጣም። ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ ደግሞ ወረቀት መግዛት አያስፈልጋትም።