ዋስ የማይጠራ እቁብ

ደሴ ላይ በሳምንት 500 ብር የሚጣልበት እቁብ ልግባ ያለ ሰው መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃል። ቀጥሎ ሱቁ የት ነው፣ ቤቱ የራሱ ነው ወይስ ኪራይ፣ በፊት እነማን ጋ ይጥል ነበር፣ ለምንስ ወጣ? ዕጣው ቶሎ ከወጣለት ደግሞ ዋስ ጠርቶ፣ አስፈርሞ ነው ብሩን የሚቆጥረው። ዋሱም እንዲሁ ከመንገድ አይለቀምም። ሰኞ ገበያ የቆመ ሱቅ ያለው፣ ዕዳ ሲመጣ ስልኩን የማያጠፋ መሆን አለበት።

ይኸው ጠንቃቃ ሰው ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ስልኩን ሲነካካ አንድ የታይታኒየም ብዕር ጥቁር ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ ከጀርባው ጭጋግ ሲነሣ ያያል። በቀለም የሚሞላው፣ አባቶቻችን በኮት ኪስ አፍ ላይ ክዳኑን ብቅ አድርገው የሚዞሩት ዓይነት ነው። ከስሩ «85 ዶላር፤ 27 ቀን ቀርቷል» ይላል። የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ የከተማውን ስም እንኳ በቅጡ ለማይጠራው ሰው ገንዘቡን ለመስጠት ጣቱ ይቁነጠነጣል።

የአሠራሩ ስም ክራውድፈንዲንግ ነው፤ በእኛ ቋንቋ መዋጮ። ሠሪው ብዕሩን በብዛት ከመሥራቱ በፊት ምስሉንና የሚፈልገውን ገንዘብ ይለጥፋል፣ ደስ ያለው ያዋጣል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው ኪክስታርተር የዚህ ዋና ገበያ ነው። ሕጉ «ወይ ሙሉ ወይ ባዶ» ይባላል። በተቆረጠው ቀን፣ ቢበዛ በ60 ቀን ውስጥ፣ የተጠየቀው ገንዘብ ካልሞላ ከማንም ካርድ ሳንቲም አይነካም። ከሞላ ግን ቀኑ እንዳለፈ ይቆረጣል። ድርጅቱ 5 በመቶ ያነሣል፣ ክፍያ አስተላላፊው 3 በመቶ ገደማ ይጨምርበታል፣ ቀሪው ለሠሪው ነው። እቁብ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ሁሉም የሚጥለው አንዴ ሲሆን ዕጣው ሁልጊዜ ለዳኛው መውጣቱ ነው።

ድርጅቱን መውቀስ አይቻልም። በ2012 (እ.ኤ.አ.) «ኪክስታርተር ሱቅ አይደለም» ብሎ በይፋ ተናግሯል፤ በኮምፒውተር የተሠራ፣ እውነተኛ ዕቃ የሚመስል ምስል ማሳየትንም ያኔ ከልክሏል። ግን እኛ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የተባለበት ግድግዳ ምን እንደሚደርስበት የምናውቅ ሰዎች ነን።

ነገሩ ቡና ላይ ሲነሣ እንዲህ ይሆናል። አቦሉ ተቀድቷል፣ ልጅየው ስልኩን ይዟል፣ ጀበናው ጋ የተቀመጡት እትዬ ደግሞ የሠፈሩ የሴቶች እቁብ ዳኛ ናቸው።

«እትዬ፣ ብዕር ልገዛ ነው።»

«ግዛ፣ ምን ከፋ። ስንት ነው?»

«85 ዶላር።»

«ወርቅ ነው?»

«ኧረ ታይታኒየም ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

«ገና አልተሠራም።»

እትዬ ሊቀዱ ያነሡትን ጀበና መልሰው ያስቀምጣሉ።

«ብሩን ማነው የሚወስደው?»

«ሊሠራው ያሰበው ሰውዬ።»

«ዋሱስ?»

«ዋስ የለውም፤ ግን እኮ 1,300 ሰው ገብቶበታል።»

«እነሱስ ማንን አይተው ገቡ?»

«እርስ በርሳቸው ተያይተው።»

«እንግዲያ አንተ ለነሱ ዋስ ልትሆን ነው» ይሉና ቶናውን ይቀጥላሉ።

እትዬ ቁጥር ባይጠቅሱም ብዙም አልሳቱም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጥናት ገንዘብ ከሞላላቸው የኪክስታርተር ሥራዎች 9 በመቶ ያህሉ የተባለውን ዕቃ ሳያደርሱ እንደቀሩ ያሳያል። የዚያው ተመራማሪ ቀደም ያለ ጥናት ደግሞ በዲዛይንና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከቀጠሯቸው እንደሚዘገዩ ያሳያል። መዘግየቱስ ለእኛ ምንም አይደለም። የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ 6 ሰዓት ሲባል 8 ሰዓት ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ሠሪው «መጋቢት» ካለ ሸማኔ ጋ ጥለት እንደሰጠ ሰው ከመስከረም በፊት መጠየቅ ነውር ነው። ብዕሩ ቻይና የሚሠራ ከሆነ በእነሱ አዲስ ዓመት፣ በጥርና በየካቲት መካከል፣ ፋብሪካው ለሳምንታት ይዘጋል። ይህን ያልቆጠረ ቀጠሮ የልጅ ቀጠሮ ነው። ገንዘቡ ከታሰበው በላይ ሲገባ ደግሞ ሠሪው «ስድስት ቀለም ጨምሬያለሁ፣ ስም እቀርጻለሁ» ማለት ይጀምራል። ድንኳን ለ200 ሰው የተከራየ የሠርግ ኮሚቴ መዋጮ ሲበዛለት 600 ሰው ጠርቶ ወጥ እንደሚያልቅበት ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ልግባ የሚል ሰው ቢያንስ ዕቃውን ይመርምር። ቅቤ የምንገዛው በጥፍር ጫር አድርገን አሽትተን አይደል? ብዕር ማለት ኒቡ፣ ወረቀት የሚነካው የብረት ጫፉ፣ ነው። ቱቦውማ ናስ ቢሰጡት ኮምቦልቻ ያለ የቶርኖ ባለሙያም ክር አውጥቶለት ከሰዓት ያስረክባል። ኒብ ግን ስስ ብረት ተቀርጾ፣ ጫፉ ላይ የማይበላ ጠንካራ ቅንጣት ተበይዶ፣ መሀሉ ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ ቀለም እንዲስብ ተስተካክሎ ነው የሚጽፈው። ለዚህ ነው ትናንሽ ሠሪዎች ኒቡን ብዙ ጊዜ ከጀርመኖቹ ቦክ፣ ዮቮ ወይም ሽሚት የሚገዙት። ማስታወቂያው ስሙንና ቁጥሩን ከጻፈ፣ ለምሳሌ «ዮቮ ቁጥር 6» ካለ፣ ጥሩ ነው፤ ሠሪው ነገ ቢሰወር እንኳ ኒቡ ሲጎብጥ ሌላ ገዝቶ ማስገባት ይቻላል። «የጀርመን ኒብ» ብቻ ካለ ይጠርጠር። «ኢሪዲየም ፖይንት ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት ብዙ ርካሽ ኒብ አለ፤ ጀርመንንም ኢሪዲየምንም አያውቃቸውም። ቅቤ ሻጭ «ዛሬ ጠዋት ከገጠር የመጣ ነው» እንደሚለው ነው።

ቀለም መምጠጫውም (ኮንቨርተር የሚባለው) የሁሉም ዓይነት የሚገጥምበት፣ «ስታንዳርድ ኢንተርናሽናል» የሚባለው ይሁን። «ራሳችን የፈለሰፍነው አሞላል» ካሉ፣ ውስጡ ቀለሙን የምታግደው የጎማ ቀለበት ያለቀች ዕለት ብዕሩ የ85 ዶላር ቱቦ ይሆናል።

ክዳኑን ግን ማንም አይጠይቅም፤ ብዙ ብዕር የሚሞተው እዚያ ነው። ቶርኖ የሚያውቅ ሰው ውጩን እንደ መስተዋት ያወጣዋል፣ ውስጡ አየር እንዳያስገባ የሚደፍነውን የፕላስቲክ ክዳን ግን ይረሳዋል። ቀለሙ ውሃ ስለሆነ ይተናል፣ ኒቡ ላይ ይደርቃል። መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ «ሳምንት ተከድኖ ከርሞ ሲከፈት ወዲያው ይጽፋል?» የሚለው ነው። መልሱ «ዲዛይናችን ዘመናዊ ነው» ከሆነ አይጽፍም።

ክብደቱም አለ። ናስ የአሉሚኒየምን ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ላሚ ሳፋሪ የሚባለው የፕላስቲክ ብዕር 17 ግራም ገደማ ነው፣ የናስ ብዕር ግን 50 ግራም ሊያልፍ ይችላል። የእድር ጸሐፊ በዚህ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ሁለተኛው አጀንዳ ላይ እጁን ማራገፍ ይጀምራል፣ «ልዩ ልዩ» ላይ ሲደርስ ሁሉም ሐሳብ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይሆናል። ናስ ሌላም ጸባይ አለው፤ በእጅ በተነካ ቁጥር አሻራ ይይዛል። ስለዚህ አሻራም ጭረትም የሌለበት የናስ ብዕር ምስል የታየ እንደሆነ ያ ብዕር ገና በሰው እጅ አልገባም። ቪዲዮው ላይም ብዕሩ አየር ላይ ሲሽከረከር፣ ክዳኑ በዝግታ ሲከፈት እየታየ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ሳይጽፍ ካለቀ፣ ከጥሎሽ በፊት ሙሽራዋን በፎቶ ብቻ እንደማየት ነው።

ክፍያው ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የብር ሂሳብ ካርድ እዚያ ብዙውን ጊዜ አይሠራም፤ ስለዚህ ውጭ ያለች አክስት ወይም የአጎት ልጅ ትፈለጋለች። ሠላምታው ብቻ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ብዕሯ ከመጠቀሷ በፊት የታመመው ሁሉ ይጠየቃል። አድራሻውም በእሷ ስም ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ከሚላክባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ላትኖር ትችላለች፣ ብትኖርም ፎርሙ የመንገድ ስምና ዚፕ ኮድ ይጠይቃል። «ሳላይሽ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ በር» የሚለውን የሚቀበል ሳጥን የለውም። አንድ ጥሩ ነገር ግን አለ፤ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አብዛኛውን ጊዜ መሰረዝ ይቻላል። ቀደም ለገቡት የሚሰጠውን ቅናሽ በመጀመሪያው ቀን ይዞ፣ ቀሪውን ሳምንት ሲያስቡና ሲጠይቁ ከርሞ መውጣት ነውር የለውም። ነውሩ አክስትን ደውሎ «ሰርዢልኝ» ማለቱ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ይሉኝታ 85 ዶላር ይከፍላል።

ብዕሩ ደረሰ እንበል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ቀለም ሞልቶ፣ ግማሹን ጽፎ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሐረጎን የሚወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ይወቅ። አቀበቱ በወጣ ቁጥር የውጩ አየር ግፊት ይቀንሳል፣ ብዕሩ ውስጥ የታፈነው አየር ወደ 8 በመቶ ይነፋና ቀለሙን ወደ ኒቡ ይገፋል። መምጠጫው 0.8 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዝ ዓይነት ከሆነና ግማሹ አየር ከሆነ የሚገፋው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው፤ ከኒቡ ስር ያለው፣ ቀለም ወደ ኒቡ የሚያደርሰው ፊድ የሚባለው ክፍል ክንፎች ይይዙታል። ቱቦው ራሱ ቀለም የሚሞላበት፣ 3 ሚሊ ሊትር የሚይዘውና ሊያልቅ የተቃረበው ዓይነት ግን አራት ጠብታ ያህል ይተፋል፤ የሰውነት ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይበዛል። ነጭ ሸሚዝ ላይ አራት ጠብታ ደሴ ሲደርስ የአፍሪካ ካርታ ይሆናል። መፍትሔው ወይ ሙሉ ወይ ባዶ አድርጎ፣ ኒቡን ወደ ላይ አቁሞ መያዝ ነው። «ወይ ሙሉ ወይ ባዶ» እዚህም አለ። ቁልቁል ሲወርድ ብዕሩ ጨዋ ነው፣ አየሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል።

የኒቡን ውፍረት ሲመርጡ ፊደላችንን ማሰብ ያስፈልጋል። በወፍራሙ፣ ቢ በሚባለው፣ ተራ ደብተር ላይ ሲጻፍ የ«ቀ» ሆድ ይደፈናል፣ «ጬ» እና «ጩ» ይመሳሰላሉ፣ ቀለሙም በወረቀቱ ክር ላይ ይሮጣል። ቀጭኑ ኤፍ ወይም ከእሱም የሚቀጥነው ኢኤፍ ይሻላል፤ የጃፓኖቹ ኤፍ ከአውሮፓዎቹ ይቀጥናል።

ቀለሙም ሌላ ጣጣ ነው፤ ብዕሩ አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ነው የሚመጣ። ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገብቶ «ቀለም» ያለ ሰው የሚሰጠው የማኅተም ቀለም ነው፣ ወይም የፕሪንተር። ሁለቱም አይሆኑም፤ የፀጉር ያህል የቀጠነውን የፊዱን ቦይ ይደፍኑታል። የደብተራው የጥቀርሻ ቀለምም እንደዚያው። ለመቃ ብርዕ ተስማሚ ነው፣ ምክንያቱም መቃው ሲደፈን በቢላ ተቀርጾ ሌላ ጫፍ ይወጣለታል። ታይታኒየም አይቀረጽም።

በመጨረሻ የአክስት ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ በሻንጣ ደርሶ፣ ትክክለኛው ቀለም አዲስ አበባ ተገኝቶ፣ ተሞልቶ፣ ብዕሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮት ኪስ የሚወጣው እሑድ፣ የእቁብ ገንዘብ መቀበያው ደረሰኝ ላይ ለመፈረም ነው። ክዳኑ በሦስት ዙር ይፈታል፣ የተቀመጠው ሁሉ ዝም ይላል፣ ፊርማው ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ጸሐፊው ነጩን ቅጠል ያነሣል፣ ካርቦኑን ያነሣል፣ ቢጫውን ቅጠል ያያል። ምንም የለበትም። በቀለም የሚጻፍ ብዕር አይጫንም፣ ካልተጫነ ካርቦን አይመታም።

«ጋሼ፣ ኮፒው አልወጣም» ይላል ጸሐፊው፣ ከጆሮው ላይ ቢኩን አንሥቶ እያቀበለ።