ማስተካከያ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ባለቤት ማን ነው?

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር የነበረው መልእክት “የመመረቂያ ጽሑፍ ለቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው፤ ተማሪው ያለ ፈቃድ ሊያሳትመው አይችልም” ይላል። ይህ ትክክል አይደለም።

መነሻችን በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት መብቱ የሚመነጨው ከሥራው አመንጪ፣ ማለትም ከጸሐፊው ነው፤ ጥበቃ ለማግኘትም ምዝገባ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው የተረከበው ቅጂውን እንጂ መብቱን አይደለም። መጽሐፍ የገዛ ሰው እንደልቡ አባዝቶ መሸጥ እንደማይችለው ማለት ነው።

ግራ መጋባቱ የመጣው በአዋጁ ውስጥ ስለ ተቀጣሪ ከተጻፈው ሳይሆን አይቀርም። ሠራተኛ በሥራ ግዴታው ያዘጋጀው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ነው። ተማሪ ግን ተቀጣሪ አይደለም። በደመወዝ የምርምር ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ተማሪ ወይም የዩኒቨርሲቲው መምህር ጉዳይ ይለያል፤ ውሉን ማየት የግድ ነው።

አማካሪውስ? አዋጁ ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ ስለዚህ ርዕስ መጠቆምና ረቂቅ ማረም ብቻውን የጽሑፉ ባለቤት አያደርግም። አብሮ ከጻፈ ግን የጋራ ሥራ ይሆናል።

መልእክቱን አምናችሁ ጽሑፋችሁን ከማሳተም የተቆጠባችሁ ካላችሁ፣ ርክክብ ላይ የፈረማችሁበትን ቅጽ አውጥታችሁ አንብቡ። በድረ ገጽ እንዲጫን መፍቀድና መብትን ማስተላለፍ የተለያዩ ናቸው።